ሁለት ድስት የሚጣድበት ቤት

ሥራዬ በአንድ ማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ ማረም ነው። ቀኑን ሙሉ ፊደል ስለቅም ውዬ ማምሻውን ወደ ቤቴ ስመለስ ዓይኔ ከእኔ ቀድሞ የተኛ ይመስለኛል። የምንኖርበት ሕንጻ ሊፍቱ ከቆመ ቆይቷል፤ ይጠግነዋል የተባለው ሰው መጥቶ፣ አይቶት፣ ራሱን ነቅንቆ ሄዷል። ስለዚህ ሽማግሌውም ጎረምሳውም በደረጃ ነው የሚወጣው። አንድ ቀን ማምሻውን የደረጃውን ብረት እየደገፍኩ ስወጣ ጎረቤቴን ልብስ ሰፊውን መታጠፊያው ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው።

ሰፈሩ የሚያውቃቸው «ጋሽ መቀስ» በሚለው ስም ነው። ስሙ የወጣላቸው በሥራቸው ብቻ አይደለም፤ ሰው ወሬ ሲያስረዝምባቸው መሃል ላይ ቆርጠው ስለሚጥሉትም ጭምር ነው።

«ምነው ጋሽ መቀስ፣ ደህና አይደሉም እንዴ?» አልኳቸው።

«እኔ ደህና ነኝ። ደረጃው ነው ደህና ያልሆነው» አሉ። «በየወሩ እየጨመሩበት ነው መሰለኝ።»

እኔም ደክሞኝ ስለነበር አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በያዙት ፌስታል ውስጥ የመድኃኒት ካርቶን፣ ከሱ ሥር ደግሞ የብስኩት እሽግ ይታያል። ዓይኔ እዚያ ላይ ማረፉን አዩና የፌስታሉን አፍ ጠቅለል አደረጉት።

«ለልጅ ልጆቼ ነው» አሉ።

የልጅ ልጆቻቸው ከእናታቸው ጋር ሌላ ከተማ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ግን ምን አገባኝ ብዬ አለፍኩት። ይልቅስ የስኳር ሕመማቸው እንዴት እንደያዛቸው ጠየቅኳቸው።

«እሱ ምን ይሆናል? የደከመኝ እኔ ነኝ» አሉ ረጅም ትንፋሽ አውጥተው። «ሐኪሞቹ ምላሴን ቀሙኝ እኮ። ይህን ተው፣ ያንን አትንካ። ክኒኑን እንደሆነ እየዋጥኩ ነው። ክኒን ከዋጥኩ በኋላ ደግሞ ሳህኔ ውስጥ የሚገቡት ምን አግብቷቸው ነው?»

እጃቸውን ይዤ አስነሳኋቸውና እየተደጋገፍን እስከ ቤታቸው ደረስን። እንድገባ ስለጎተጎቱኝ ገባሁ።

ቤታቸው ሳሎኑም የሥራ ቦታውም አንድ ነው። መስኮቱ ሥር የስፌት ማሽኑ፣ ወንበሩ ላይ ጠርዙ ያልተጠለፈ ሱሪ፣ ወለሉ ላይ የክር ቁርጥራጭ። ባለቤታቸው ምድጃው ጋ ቆመዋል። ሰው ሁሉ «እትዬ» ነው የሚላቸው፤ ከሰላምታ ሌላ ብዙ ቃል አይወጣቸውም። ምድጃው ላይ ሁለት ድስት ተጥዷል። በትልቁ ድስት ውስጥ ዘይት የጠገበ ሩዝና ድንች አለ፤ እሱ ለእትዬና ሾፌር ለሆነው ልጃቸው ነው። በትንሹ ድስት ጨውም ዘይትም ያልነካው ጎመን ይቀቀላል። ይኸኛው የጋሽ መቀስ ነው።

ከጠረጴዛው ዳር የእህታቸው ልጅ ተቀምጣ ነበር። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች። ከልጅነቷ ጀምሮ እሷም ስኳር አለባት፤ ያደገችው ኢንሱሊን በመርፌ እየወሰደች ነው። አጎቷን ልትጠይቅ ከሥራ በቀጥታ መጥታ ኖሮ የድካም ፊት ነበራት። ተነስታ ሰላም ልትለን ስትል ግን ዓይኗ ወለሉ ላይ ቀረ። ከበሩ ጀምሮ ጋሽ መቀስ እስከተቀመጡበት ወንበር ድረስ ቀይ ነጠብጣብ መጥቷል።

«ጋሼ፣ እግርዎ ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል? ምንም።»

«እስቲ ጫማዎን ያውልቁልኝ።»

ሊከራከሩ ከጀሉና ተዉት። ጫማው ሲወልቅ ካልሲው በደም ርሷል። አንዱ የልብስ ማያያዣ ስፒል የጫማውን ስስ ሶል በስቶ ተረከዛቸው ውስጥ ገብቷል። ከመድኃኒት ቤት ተነስተው፣ መንገዱን ሁሉ አቋርጠው፣ ያን ሁሉ ደረጃ የወጡት በሱ ላይ እየረገጡ ነው።

«አላመመኝም እኮ» አሉ፤ ድምፃቸው ራሳቸውን የሚጠይቅ ይመስል ነበር።

«የሚያስፈራኝስ አለማመሙ ነው» አለች ልጅቷ።

እንግዲህ ሰው ሲያመው ይጮሃል፤ ዘመድ ጎረቤትም ይሰበሰባል። ስኳር ግን በዝቶ በደም ውስጥ ሲኖር ሰውን ቀስ በቀስ ከገዛ እግሩ ጋር እንደሚያቆራርጠው ያን ማታ ነው የገባኝ። ልጅቷ ስፒሉን አወጣች፣ ቁስሉን በንጹሕ ውሃና በሳሙና አጥባ በጨርቅ ሸፈነችው። ጠዋት ክሊኒክ እንድንሄድ ተስማማን። እትዬ ከትንሹ ድስት እራት ሲያቀርቡ ጋሽ መቀስ ሳህኑን ገፋ አደረጉት።

«ነገ ሐኪም ፊት የምቀርብ ከሆነ ሆዴን ባዶ ላድርገው።»

«እራትዎን ይብሉ ጋሼ፤ ለቁስል ምርመራ ጾም አያስፈልግም።»

«ሲነጋ ይታያል» አሉና ወሬውን እንደ ልማዳቸው ቆረጡት።

በማግስቱ እኔ ሥራ አልነበረኝም። እትዬ ደረጃውን አብረን እናውርዳቸው ብለውኝ ሄድኩ። ክሊኒኩ ስንደርስ አግዳሚው ሁሉ በሰው ሞልቷል። ኮሪደሩ የአልኮልና የእርጥብ መወልወያ ሽታ አለው። ልጅቷ ትምህርት ቤቷን አስፈቅዳ ቀድማን መጥታ ተራ ይዛልናለች። አራታችን ተጠጋግተን ተቀመጥን። ወረፋው አልንቀሳቀስ ሲል ክርክሩ በራሱ ጊዜ ተነሳ።

«አንቺ ልጅ፣ ትናንት ፌስታሌ ውስጥ ያለውን ብስኩት በዓይንሽ ስትገላምጪው አይቻለሁ» አሉ ጋሽ መቀስ። «እኔ እንደሆነ ስኳር ትቻለሁ። ሻይ የምጠጣው መራራውን ነው። ታዲያ ስኳሩ ከየት ይመጣብኛል?»

«ከመራራው ሻይ ጋር ነጭ ዳቦ ይበሉ የለም?»

«ዳቦ ደግሞ ጣፋጭ ሆነ?»

«ምላስዎ ላይ አይጣፍጥም። ሆድዎ ከገባ በኋላ ግን ተፈጭቶ ስኳር ሆኖ ነው ደም ውስጥ የሚገባው። ሩዙም፣ ድንቹም፣ ፓስታውም እንደዚያው ነው።»

«እንግዲያው ድንጋይ ልብላ።»

«ይተዉት አላልኩም ጋሼ። መጠኑ ነው ነገሩ፤ ደግሞም ከምን ጋር እንደሚበሉት።»

«አባቴ ያገኘውን ጠግቦ በልቶ፣ ሸምግሎ ነው የሞተው። ማንም ሳህኑን አልለካበትም።»

«አያቴ ቀኑን ሙሉ በእግራቸው ሲሄዱና ሲሸከሙ ነበር የሚውሉት። እርስዎ ማሽን ላይ ተቀምጠው ነው የሚውሉት። የበሉት ያው ቢሆን እንኳ፣ ያ እህል የሚያርፍበት ሰውነት አንድ አይደለም።»

ጋሽ መቀስ ትንሽ አሰቡ። «ማርስ? ማር የተፈጥሮ ነው።»

«እባብም የተፈጥሮ ነው።»

አጠገባችን የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ሳቅ አሉ። ጋሽ መቀስ ግን አልሳቁም። ሊመልሱላት አፋቸውን ከፍተው ቃሉ የጠፋባቸው መሰለኝ። ግንባራቸው በላብ ወርዝቷል፤ ጉልበታቸው ላይ ያለው እጅ ይንቀጠቀጣል። ተቆጥተው መስሎኝ ላበርድ ስል ልጅቷ ቀድማኝ ተነሳች።

«እትዬ፣ ጋሼ ዛሬ ምን በሉ?»

«ከትናንት ምሳ ወዲህ እህል አልቀመሰም» አሉ እትዬ። «ክኒኑን ግን ጠዋት ውጧል።»

ልጅቷ ነገሩ ወዲያው ገባት። ከቦርሳዋ ትንሽ የማንጎ ጭማቂ አወጣች፤ ለራሷ ክፉ ቀን ሁልጊዜ የምትይዘው ነው። ከፍታ ወደ አፋቸው አስጠጋችላቸው።

«ስኳር እኮ ነው…» አሉ እየተንተባተቡ።

«አዎ። አሁን መድኃኒትዎ እሱ ነው። ይጠጡ።»

ጠጡ። ነርሷ ተጠርታ መጣችና ጣታቸውን ወግታ ለካች፤ የደማቸው ስኳር እጅግ ወርዷል። ትንሽ ጠብቃ ደግማ ስትለካ ከፍ ማለት ጀምሯል። እኔ በር ላይ ካለው ሱቅ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ገዝቼ መጣሁ፤ እሱን ቀስ እያሉ በሉ። ፊታቸው ላይ ቀለም ሲመለስ አየሁ። ሰው ስኳር እየበዛበት እየታመመ፣ ያው ሰው ደግሞ በስኳር ማነስ ሊወድቅ መቻሉ ለእኔ አዲስ ነገር ነበር። ክኒኑ ስኳሩን ሊያወርድ ገብቶ የሚያወርደው እህል ቢያጣ፣ ሰውየውን ራሱን ሊያወርደው ነበር።

ልጅቷ ጎናቸው ተቀመጠች። አሁን ድምፅዋ የክርክር አልነበረም።

«ለምን አልበሉም ጋሼ?»

«ቁጥሩ እንዲያምርልኝ» አሉ፤ ቀና ብለው ሳያዩዋት። «ምርመራ ሲቃረብ ሁሌ እንደዚያ ነው የማደርገው። ነርሷ ጎበዝ ስትለኝ ደስ ይለኛል። ሌላ ነገር ጎበዝ የሚያሰኘኝ የለም።»

«ሌላው ቀንስ?»

«ሌላ ቀን ማን ያየኛል?»

«ደምዎ ያያል። የወራቱን ሁሉ አንድ ላይ የሚያሳይ ምርመራ አለ፤ የትናንትና ጾም እሱን አያታልለውም።» የጭማቂውን ባዶ ዕቃ ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ቀጠለች። «እኔ የምመክርዎት ቀላል ስለሆነ አይደለም። ደክሞኛል ጋሼ። ልጆች ከረሜላ ሲከፋፈሉ እኔ መርፌ ስወጋ ነው ያደግኩት። ድግስ ላይ ስጠራ ከሙሽራዋ በፊት የማየው የምግቡን ጠረጴዛ ነው፤ የትኛው ምን ያህል ይሆን እያልኩ። አንዳንድ ቀን ሁሉንም ጥዬ እንዳሻኝ ልብላ እላለሁ፤ አንዳንድ ቀንም አድርጌዋለሁ። በማግስቱ የምከፍለው እኔው ነኝ። መድከሙን አልክድዎትም። ግን የሚያሳርፍ ድካምም አለ። ዛሬ ምንም አለመብላት፣ ነገ ያገኙትን ሁሉ መብላት፣ እሱ ነው የሚገድለው። መጠነኛ ምግብ በሰዓቱ መብላት ግን ከቆየ ይለመዳል፤ ሲለመድ ደግሞ እንደ መጀመሪያው አያደክምም።»

ጋሽ መቀስ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ሲያሹ ቆዩ። ምክሯ የገባቸው ይመስለኛል፤ ግን የገባው ነገር ሁሉ ሰውን እሺ አያሰኝም።

«እውነትሽን ነው፤ ግን ያ ጎመን ምግብ አይደለም» አሉ። «ከማሽን ተነስቼ ለእራት ስቀመጥ በገዛ ቤቴ ውስጥ እንደ እንግዳ ለብቻዬ የበሽተኛ ሳህን ይቀርብልኛል። ልጄና ሚስቴ ያንን ሲበሉ እያሸተትኩ፣ እኔ ሣር። እንዲህ ከመኖርስ…»

ዓረፍተ ነገሩን የቆረጡት እሳቸው አይደሉም። እትዬ ናቸው።

«ያንን ጎመን ስትበላው አይቼ አላውቅም» አሉ በቀስታ። «ትንሿን ድስት በየጠዋቱ እደፋታለሁ። ሰው ሲተኛ ተነስተህ ከትልቁ ትበላለህ፤ የማላውቅ መስሎህ። እኔም የማላውቅ እመስላለሁ።»

ጋሽ መቀስ ዞር ብለው አዩዋቸው። «ታውቂ ነበር?»

«ጠዋት ጭልፋው ታጥቦ ተሰቅሎ አገኘዋለሁ። በዚያ ቤት ጭልፋ አጥቦ የሚሰቅል ወንድ ሌላ ጊዜ የታለ?»

ሳቅ የሚያመጣ ነገር ነበር፤ ግን እትዬ አልሳቁም። «ደከመኝ» አሉ። «ሁለት ድስት መጣዱ አይደለም። ባሌ እንደ ሌባ ተደብቆ ሲበላ ተኝቼ መስማቱ ነው የደከመኝ።»

ኮሪደሩ ውስጥ ስም ይጠራል፣ ሰው ይነሳል፣ ሰው ይቀመጣል። ጋሽ መቀስ በዚያ ሁሉ ዘመን በሽታውን ከሐኪም ጋር የሚያደርጉት ድብብቆሽ አድርገው ቆጥረውታል። ከሚስታቸውም ጋር ሲደባበቁ መኖራቸው ያን ጊዜ ነው የታያቸው።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አሉ በመጨረሻ። ጥያቄው ለልጅቷ ይሁን ለእትዬ አይለይም ነበር።

መልሱን የሰጠችው ልጅቷ ናት። «ትንሿን ድስት ይተዉዋት። እኔም ብሆን አልበላትም። ከዛሬ ጀምሮ ቤቱ በአንድ ድስት ይብላ። ምስር ይሁን ባቄላ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ቲማቲም፤ ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ ይግባበት፣ ዘይቱና ጨዉ ይነስ እንጂ አይጥፋ። ሳህንዎን ሲያዩት ግማሹ አትክልት ይሁን። ከቀረው ግማሽ እኩሌታው ምስር ወይ እንቁላል ወይ ሥጋ፣ እኩሌታው ደግሞ ዳቦ ወይ ሩዝ። ዳቦውም ካልተነፋ ዱቄት የተጋገረው ይሻላል። ከአትክልቱ ይጀምሩ፤ ዳቦው ጋ ሲደርሱ ሆድዎ አይጮህም። ብርቱካን ሲያምርዎ ፍሬውን ይብሉት እንጂ ጨምቀው አይጠጡት። ያ ጭማቂ ዛሬ እንዳዩት ለሚወድቅ ሰው ነው።»

«ልጁስ?» አሉ ጋሽ መቀስ። «ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ ውሎ ተርቦ ነው የሚገባው። የታመምኩት እኔ፤ እሱ ምን በወጣው ይቀጣል?»

«ቅጣት ከሆነ ለእርስዎም አይገባም ጋሼ። ምግብ ከሆነ ደግሞ ለእሱም ይገባል። የእኔ ዓይነቱ ሌላ ነው፤ የእርስዎ ዓይነት ስኳር ግን ከወላጅ ወደ ልጅ የመውረድ ዕድል አለው። ልጅዎ ቁጭ ብሎ የሚውል ሾፌር ነው። እሱ ሳይታመም ቢጀምረው ምን ይጎዳል?»

ጋሽ መቀስ በዚህ ላይ የሚቆርጡት ነገር አላገኙም። «ልጄንስ ወደዚህ አግዳሚ አላመጣውም» አሉ። «በይ እሺ።»

ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ ጥልቅ አለመሆኑንና በጊዜ መምጣታቸውን ነገራቸው። የወራቱ ምርመራ ግን ጥሩ አልነበረም፤ ጋሽ መቀስም ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰበብ አላቀረቡም። ሐኪሙ የክኒኑን መጠን አስተካከለላቸው። ምግብ ዘለው ክኒን እንዳይውጡ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝም እንዳያቋርጡት፣ ማታ ማታ የእግራቸውን መዳፍ በመስታወት ጭምር እንዲያዩ፣ ጫማ ከማጥለቃቸው በፊት ውስጡን እንዲያራግፉ አጥብቆ አሳሰባቸው። ኪሳቸው ውስጥም ለድንገቱ ጥቂት ከረሜላ እንዲይዙ ነገራቸው።

«ከረሜላው ለልጅ ልጆችዎ ነው?» አልኳቸው ስንወጣ። በጎን አዩኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ነገሩ ከዚያ ወዲያ እንደ ተረት ተስተካከለ ብል ውሸት ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤቱ ውስጥ ማጉረምረም አልጠፋም። ልጃቸው ሩዙ ሳህኑ ላይ ሲያንስ ወጥ ቤቱን ሲቃኝ ነበር። ጋሽ መቀስም አንድ ቀን ከመንገድ ዳር ሱቅ ኬክ በልተው መጥተው ራሳቸው ለእትዬ ነገሯቸው። እትዬም አልተቆጡም፤ «ተደብቀህ ስላልሆነ ይሁን» ብለው እራቱን አቀረቡ። ጋሽ መቀስ ከምሳ በኋላ ማሽኑን አቁመው ሕንጻውን ዞር ዞር ብለው መምጣት ጀመሩ። ይህንንም በምሬት ነው የሚያደርጉት፤ ግን ያደርጉታል።

እየቆየ ጥቅሙ ታየ። ቁስሉ ሳይመረቅዝ ደረቀ። ያ ሌሊቱን ሁሉ ውሃ ውሃ የሚያሰኛቸውና ከመኝታ የሚያመላልሳቸው ነገር ረገበ፤ ሌሊት ሲተኙ ደግሞ ቀን ማሽን ላይ ማንጎላጀቱ ቀረ። በሚቀጥለው ምርመራ ሳይጾሙ ሄደው ውጤቱ ከቀድሞው ተሻለ፤ ሐኪሙም በዚሁ ከቀጠሉ ዓይንዎም ኩላሊትዎም ይተርፋሉ አላቸው። ልጃቸውም ቀበቶውን አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ማጥበቅ ጀመረ። እትዬም ለአንድ ድስት ብቻ መክተፍ፣ አንድ ድስት ብቻ ማጠብ ጀመሩ። የጋሽ መቀስ የእግር ስሜት ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ሐኪሙም ይመለሳል ብሎ ቃል አልሰጠም። የጠፋውን ሁሉ ማስመለስ ባይቻልም የቀረውን ማቆየት ይቻላል። ለእኔ የዚህ ታሪክ ምክሩ ይኸው ነው፤ ስኳር ያለበት ሰው ለብቻው ሳህን ተለይቶለት ሲበላ ምግቡ ቅጣት ይሆንበታል፣ ቤተሰቡ አብሮት ሲበላ ግን ማዕድ ነው።

በቅርቡ አንድ እሑድ እራት ጠርተውኝ ሄድኩ። ልጅቷም ነበረች፤ እጅዋን ታጥባ፣ ኢንሱሊኗን ተወግታ፣ እኛ ከያዝነው ሳህን የማይለይ ሳህን ይዛ ተቀመጠች። ጋሽ መቀስ ጎመናቸውን ጨርሰው፣ ምስሩን ጨርሰው፣ የቀረችውን ዳቦ ትንሽ ትንሽ እየቆረሱ ሲበሉ ቆዩና ቀና አሉ።

«እኔ የምለው፣ ይሄ ነገር መቼ ነው የሚያበቃው?»

«አያበቃም ጋሼ» አለች።

«እንደዚያ መስሎኝ ነበር» አሉ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ረጅም መንገድ እንዳለበት አውቆ ጫማውን የሚያጠብቅ ሰው ፊት ነበር። ወደ ሚስታቸው ዞሩ። እትዬ ምድጃው ጋ ቆመው ለነገ የሚሆነውን ምስር በሰፌድ እየለቀሙ ነው።

«አንቺ፣ ያንን ምስር ወዲህ አምጪው» አሏቸው። «የመርፌ ቀዳዳ የለመደ ዓይን ጠጠር አያመልጠውም። አንቺ ቁጭ ብለሽ ብዪ።»

እትዬ ሰፌዱን አቀበሏቸው። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። በዚያ ቤት ስንት ጊዜ እንደበላሁ አላውቅም፤ እትዬ ተቀምጠው፣ ሳይቸኩሉ ሲበሉ ግን ያን ቀን አየሁ።